የጋሼ ሰብዉፈር ለምን ያጉረመርማል?

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ቤታቸው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ዕድሜያቸውን በመምህርነት አሳልፈው አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ሳሎናቸው ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን አንድ አሮጌ የጃፓን አምፕሊፋየር፣ የካሴት ማጫወቻና ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች አሉ። ካሴቶቹ በሁለት የጫማ ካርቶን ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ የድምፃዊው ስም በቀይ እስክሪብቶ፣ በመምህር እጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ማንም እንዲነካካቸው አይፈልጉም።

ባለፈው ዓመት ዱባይ ያለችው ልጃቸው ሰብዉፈር፣ ማለትም ወፍራሙን የቤዝ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር፣ ላከችላቸው። ጥሩ ዕቃ ነው። የራሱ አምፕሊፋየር በውስጡ አለው። ስለዚህ መብራቱን ከሶኬት ይወስዳል፤ ከዋናው አምፕሊፋየር የሚፈልገው ሲግናል ብቻ ነው። አንድ የሰፈር ልጅ መጥቶ ገጠመላቸው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ዘፈን ሳልከፍትም ያጉረመርማል። ሌሊት ሁሉ እንደታመመ ሰው ያቃስታል። ደግሞ ቮልዩሙን ስቀንስ ዘፈኑ ይቀንሳል፣ እሱ ግን አይቀንስም።»

መጀመሪያ አንድ ችግር መስሎኝ ነበር። ስገባበት አራት ሆኖ አገኘሁት። በዝርዝር የምጽፈው የጋሼ ቤት ታሪክ የብዙ ሰው ቤት ታሪክ ስለሆነ ነው። ሰብዉፈር ሲያጉረመርም ሰው ቶሎ የሚሮጠው ውድ ገመድ ወደ መግዛት ነው። ጋሼም ገዝተው ነበር። ውዱ ገመድ አልሠራ ሲል ደግሞ አንዱ ይመጣና «ኧርዙን ቁረጠው» ይላል፤ ኧርዝ የዕቃውን ብረት ከመሬት ጋር የሚያገናኘው የደህንነት ሽቦ ነው። ገንዘብ መባከኑ ያናድዳል፤ ይሄኛው ምክር ግን ሰው ይገድላል።

ቅዳሜ ጠዋት

ከፒያሳ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። እትዬ ቡና እየቆሉ ነበር። እኔ በሆዴ ተኝቼ ከቡፌው ጀርባ ገባሁ፤ ጋሼ የስልካቸውን መብራት ያዙልኝ።

አምፕሊፋየሩ በአንደኛው ግድግዳ በኩል ነው። ሰብዉፈሩ በተቃራኒው ጥግ፣ ከሶፋው ጀርባ ተቀምጧል። ግድግዳውን ተከትሎ ሲለካ በመካከላቸው 7 ሜትር አለ። ልጁ መጀመሪያ ሦስት አጫጭር የኤቪ ገመዶችን (ያቺ ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ያላትን) በጆይነር ቀጣጥሎ ነበር ያገናኘው። ሲያጉረመርም ጊዜ ጋሼ ከአንድ ሱቅ 10 ሜትር ገመድ ገዙ። ጫፉ ወርቅ ቅብ ነው፤ ውፍረቱ ትንሿን ጣት ያክላል። «ኦርጅናል ነው» ተብለዋል። የተረፈው 3 ሜትር ተጠቅልሎ በክር ታስሯል፤ ከዚያም ስታቢላይዘሩ ላይ ቁጭ ብሏል።

ገመዱ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ የተሰካበትን ቀዳዳ አየሁ። «ሬክ አውት» ይላል።

የቮልዩሙ ነገር እዚያው ተፈታ። ሬክ አውት ማለት ድሮ ከአምፕሊፋየሩ ወደ ካሴት ለመቅዳት የተሠራ መውጫ ነው። የሚወጣው ሲግናል ቮልዩም ማዞሪያው ጋ ከመድረሱ በፊት የተወሰደ ነው። ለቀረጻ እንዲህ መሆኑ ትክክል ነው፤ ሰው እየቀዳ ድምፁን ከፍ ዝቅ ቢያደርግ ካሴቱ ላይ ያለው መለዋወጥ የለበትም። ሰብዉፈር ግን እዚያ ሲሰካ ቮልዩሙን ጨርሶ አያውቀውም። ጋሼ ማታ ዝቅ አድርገው ሲሰሙ ስፒከሮቹ ይንሾካሾካሉ፣ ቤዙ ግን እንደ ሠርግ ቤት ይደልቃል።

ልጁን አልፈርድበትም። የጋሼ አምፕሊፋየር ለሰብዉፈር የሚሆን መውጫ የለውም። ዙሪያውን ፈልጎ «አውት» የሚል ያገኘው እሱን ብቻ ነው።

50 ኸርዝ ማለት ሶል ነው

ወደ ጉምጉምታው ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው «ሰብዉፈሩ ድሮም ብልሹ ነው» ብሎ የሚያስበው ስፒከሮቹ ስለማያጉረመርሙ ነው። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ይህ ንዝረት ወደ ሲግናሉ ከገባ የሚሰማው ወፍራም «ኡምምም» ነው። የጋሼ ትንንሽ ስፒከሮች 50 ኸርዝን በደንብ ማውጣት አይችሉም። ሰብዉፈር ደግሞ የተሠራው ለዚሁ ነው፤ ከ20 እስከ 100 ኸርዝ ባለው ሰፈር ውስጥ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ጉምጉምታውን የሚናገረው እሱ ይሁን እንጂ የሚያመጣው ሌላ ነው።

ሙዚቃውንም የሚጎዳው በዚሁ ምክንያት ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር ስትመታ 41 ኸርዝ ግድም ነው የምትሰጠው። እዚያችው ክር ላይ ሦስተኛዋን ፍሬት ሲጫኗት ሶል ትሆናለች፤ 49 ኸርዝ። ጉምጉምታውና ሶሏ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ አብረው ሲሰሙ ድምፁ ይናወጣል፣ ይደፈርሳል። ጋሼ የሮሃ ባንድ ወዳጅ ናቸው። የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ጊታር አገጫቸውን እየነቀነቁ ነው የሚከተሉት። ለእንዲህ ያለ ሰው የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ፍለጋው

ሁሉንም አጠፋሁ። የሲግናሉን ገመድ ከሰብዉፈሩ ነቀልኩና ሰብዉፈሩን ብቻውን አበራሁት። ጸጥ። ስለዚህ ዕቃው ጤነኛ ነው።

ከዚያ ገመዱን መልሼ ሰካሁ። ጉምጉምታው መጣ። ስታቢላይዘሩ ላይ የተጠቀለለውን ገመድ በእጄ አንስቼ አንድ ሜትር ያህል አራቅኩት። ድምፁ በግማሽ ያህል ወረደ። ጋሼ «እ?» ብለው ስልካቸውን ዝቅ አደረጉ። መልሼ አስቀመጥኩት፤ ተመለሰ። አነሳሁት፤ ወረደ። እትዬም ምጣዱን ትተው መጥተው አዩ።

ስታቢላይዘር ውስጥ ትልቅ የመዳብ ጥቅል አለ። በዙሪያው 50 ኸርዝ የሚመላለስ መግነጢስ ይፈጥራል። ላዩ ላይ የተጠቀለለ ገመድ ሲቀመጥ ገመዱ ራሱ ሌላ ጥቅል ይሆንና መግነጢሱን ይቀበላል። የገመዱ የውጪ ጥልፍ፣ ማለትም የመሀሉን ሽቦ የሚከበው፣ የመዳብ ቢሆን እንኳ እንዲህ ያለውን መግነጢስ አያቆመውም። የሚያቆመው ርቀት ነው። ለ7 ሜትር 10 ሜትር የተገዛበት ምክንያት «እንዳያጥር» ነበር። ትርፉ ግን መቀመጫ ይፈልጋል፤ መቀመጫው ደግሞ ሁሌም ከዲቫይደሩና ከስታቢላይዘሩ አጠገብ ነው።

ቀሪውን ግማሽ ለማግኘት ሶኬቱን ተከተልኩ። ሰብዉፈሩ ከዱባይ ስለመጣ ሦስት አራት ማዕዘን እግር ያለው ሶኬት ነው ያለው። እኛ ግድግዳ ላይ አይገባም። ስለዚህ ነጭ አዳፕተር ተደርጎለታል፤ አዳፕተሩ ደግሞ ሁለት ክብ እግር ብቻ ነው ያለው። ሦስተኛው እግር፣ ማለትም ኧርዙ፣ አዳፕተሩ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። የትም አይደርስም።

የሲግናሉን ገመድ ነቅዬ፣ መልቲሜትሬን አውጥቼ በሰብዉፈሩ የጀርባ ብረትና በቤቱ ኧርዝ መካከል ለካሁ። 104 ቮልት።

«እሱን ስነካው እኮ ነዘር ያደርገኛል» አሉ ጋሼ። «አዲስ ዕቃ ስለሆነ ነው ብዬ ነበር።»

ነዘር ማድረጉ ከአዲስነት ጋር አይገናኝም። እንዲህ ያሉ ዕቃዎች መብራት የሚገባበት ቦታ ላይ የሚረብሽ ሞገድ የሚያጣሩ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሏቸው። አንዱ ከፌዝ ወደ ብረቱ፣ ሌላው ከኒውትራል ወደ ብረቱ ይገናኛል። ብረቱ መሀላቸው ስለሆነ ኧርዝ ከሌለው የ220ን ግማሽ ያህል ይዞ ይቀመጣል። የሚያልፈው ኮረንቲ በጣም ትንሽ ነው፤ ከአንድ ሺህኛ አምፔር ብዙም አይርቅም። ግን መውጫ ይፈልጋል። በኧርዙ መውጣት ሲገባው ያ ስለተዘጋበት በሲግናሉ ገመድ የውጪ ሽቦ አድርጎ ወደ አምፕሊፋየሩ ሄደ።

ወርቁ ገመድ ሲከፈት

እዚህ ላይ ነው ገመድ መምረጥ ትርጉም የሚኖረው።

«ልቁረጠው?» አልኳቸው። «ቁረጠው፤ ካልሠራ ምን ያደርግልኛል» አሉ። አንዱን ጫፍ በምላጭ ዙሪያውን ቀድጄ ላጥኩት። ያ ሁሉ ውፍረት ላስቲክ ነው። ላስቲኩ ሲነሳ መሀል ላይ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነች ነጭ ፕላስቲክ ወጣች። በዙሪያዋ የተጠለፈ ነገር የለም፤ ጸጉር የሚያካክሉ ጥቂት ሽቦዎች እንደ ሐረግ ተጠምጥመውባታል። ቆጠርኳቸው፤ 14 ናቸው። አንዷን በምላጩ ስፍቃት ቀይነቷ ተነሳና ከውስጥ ብርማ ሆና ታየች። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ሽቦዋን በጣታቸው መሀል አንከባለሏት። ምንም አላሉም።

የውጪውን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለካው 2.6 ኦም ሆነ። ትንሽ ይመስላል። ግን ሒሳቡ ቀላል ነው። በውጪው ሽቦ ግማሽ ሚሊአምፔር የፈሰሰ ኮረንቲ ካለፈ፣ 2.6 ኦም ላይ ከ1 ሚሊቮልት በላይ ይፈጠራል። የአርሲኤ ገመድ (እንደ ኤቪ ገመዷ ዓይነት ጫፍ ያለው፤ የጋሼም እሱ ነው) ደግሞ ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ የመሀሉና የውጪው። ሰብዉፈሩ የሚያነበው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በውጪው ላይ የተፈጠረው ሚሊቮልት ሁሉ ልክ እንደ ሙዚቃ ተቆጥሮ ይገባል። ጥቅጥቅ ያለ የመዳብ ጥልፍ ባለው ገመድ ግን 10 ሜትሩ ከግማሽ ኦም በታች ነው፤ ጉምጉምታውም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ስለዚህ ለሰብዉፈር ገመድ የምትገዙ ከሆነ የውጪውን ጥልፍ እዩ። ወርቁን ተዉት። ወርቅ ቅብ ጥቅሙ ጫፉ እንዳይዝግ ነው፤ ለድምፁ የሚጨምረው ነገር የለም። ውፍረትም አያታልላችሁ። ሻጩ ጫፉን አንድ ሴንቲሜትር እንዲልጥ ጠይቁ፤ በሜትር ተቆርጦ የሚሸጥ ከሆነ እምቢ አይልም።

እኔ ቤት ያለው አምፕሊፋየር የሰብዉፈር መውጫ አለው። ለእሱ የተጠቀምኩት የደህንነት ካሜራ ለመግጠም የሚሸጠውን ባለ 75 ኦም ገመድ ነው። አርጂ 59 ይባላል፤ ስሙ ልባሱ ላይ ታትሟል። ደህናው ዓይነት የውጪ ጥልፉ ጥቅጥቅ ያለ መዳብ ነው፤ ጫፉ ላይ አርሲኤ ጃክ ይበየድለታል። የዲሽ ገመድ፣ አርጂ 6 የሚባለው፣ ዘመዱ ነው። ሲግናሉን ያደርሳል። ግን አብዛኛውን ጊዜ የውጪው ፎይልና ጥልፍ አሉሚኒየም ነው፤ መሀሉም መዳብ የተቀባ ብረት ነው። አሉሚኒየም ደግሞ በእኛ መበየጃ አይያዝም፤ በየድኩ ብላችሁ ነገ ይላቀቃል።

«ረጅም ገመድ ቤዝ ይቀንሳል» የሚል ወሬም በየሱቁ አለ። ለዚህ ሥራ አይመለከትም። የአርጂ 6 አንድ ሜትር 50 ፒኮፋራድ ግድም ካፓሲታንስ አለው፤ ማለትም ገመዱ ራሱ እንደ ትንሽ ካፓሲተር ይሆናል። 10 ሜትር ሲሆን 500 ነው። የአምፕሊፋየሩ መውጫ 1,000 ኦም ቢሆን እንኳ ይህ ገመድ ድምፅ መቀነስ የሚጀምረው 300,000 ኸርዝ አካባቢ ነው። የሰው ጆሮ 20,000 ላይ ያቆማል፤ ሰብዉፈር ደግሞ 100 ላይ።

ለጋሼ የመረጥነው

ጋሼ ቤት ግን አርሲኤ የሚሰካበት ትክክለኛ መውጫ የለም። ሰብዉፈሩን ዞሬ ሳየው ከአርሲኤው ቀዳዳዎች ዝቅ ብሎ አራት የስፒከር መያዣዎች አሉት፤ ሁለት ቀይ፣ ሁለት ጥቁር። መልሱ እሱ ነበር። ከአምፕሊፋየሩ የስፒከር መውጫ ላይ፣ ስፒከሮቹ ባሉበት፣ ሌላ ሽቦ ጨምሮ ወደ ሰብዉፈሩ መውሰድ ነው። ከቮልዩም በኋላ ስለሆነ ስፒከሮቹ ከፍ ሲሉ እሱም ከፍ ይላል።

ጋሼ ደነገጡ። «ሁለት ነገር ሲጫንበት አምፕሊፋየሩ አይቃጠልም?» አሉ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ሁለተኛ ጥንድ ስፒከር ቢሆን ኖሮ ይጫን ነበር። የሰብዉፈሩ መግቢያ ግን በሺህ የሚቆጠር ኦም ነው፤ የስፒከሩ 8 ኦም ብቻ ነው። አምፕሊፋየሩ መኖሩንም አያውቅም። ኮረንቲ ስለማይፈስበት ወፍራም ሽቦም አያስፈልገውም፤ 0.75 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) ይበቃል። (የራሱ አምፕሊፋየር የሌለው ሰብዉፈር ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ ሙሉው ኃይል በሽቦው ያልፋል። 2.5 ካሬ መዳብ 10 ሜትር ሄዶ ሲመለስ 0.14 ኦም ግድም ይይዛል፤ ለ4 ኦም ስፒከር እሱ ጥሩ ነው።)

ሌላም ጥቅም አለው፤ ከሁሉ የወደድኩትም ይህን ነው። በስፒከር ሽቦ የሚሄደው ሲግናል በአርሲኤ ከሚሄደው ብዙ እጥፍ ትልቅ ነው። ሰብዉፈሩ ሲቀበለው ያሳንሰዋል። ሲያሳንሰው መንገድ ላይ የገባውን ጉምጉምታም አብሮ ያሳንሰዋል።

አንድ ጥንቃቄ ግን የግድ ነው። አንዳንድ አምፕሊፋየር፣ በተለይ አዳዲሶቹ ትንንሾች፣ ጥቁር መያዣቸው ባዶ አይደለም፤ እሱም ሲግናል ይዟል። የሁለቱን ጎን ጥቁሮች ሰብዉፈሩ ላይ ብታገናኟቸው አምፕሊፋየሩ ሊቃጠል ይችላል። ሁሉንም አጥፍቼ፣ ገመዶቹን ነቅዬ፣ የግራውን ጥቁርና የቀኙን ጥቁር በመልቲሜትር ለካሁ፤ ዜሮ። ጥቁሩንና የአርሲኤውን የውጪ ቀለበት ለካሁ፤ ዜሮ። የጋሼ አሮጌ ጃፓን ሰላም ነው። ዜሮ ባይሆን ኖሮ እዚያው አቆም ነበር።

አራት ነጠላ የመዳብ ሽቦ፣ ሁለት ቀይ፣ ሁለት ጥቁር፣ እያንዳንዱ 8 ሜትር፣ ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገዛሁ። አራቱንም አንድ ጫፍ በሩ እጀታ ላይ አሰርኩ። ሌላውን ጫፍ ድሪል አፍ ውስጥ አስገብቼ አጠበቅኩ። ጋሼ ድሪሉን ቀስ አድርገው ሲያዞሩ እኔ መሀሉን በእጄ እየዳበስኩ ተከተልኩ። ሽቦዎቹ እንደ ሹሩባ ተጎነጎኑ። ጉንጉኑ ለማሳመር አይደለም፤ አንዱ ሽቦ የተቀበለውን የመግነጢስ ንዝረት ጎረቤቱ እንዲሰርዘው ነው። ሲጎነጎን ስለሚያጥር ነው ለ7 ሜትር 8 የተገዛው።

ኧርዙ ሲመለስ ጉምጉምታውም ተመለሰ

እሁድ ጠዋት ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጣ። ቆጣሪው ሥር የተቀበረ የኧርዝ ዘንግ አለ፤ ያኛው ደህና ነው። የሳሎኑ ሶኬት ሲከፈት ግን አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ተቆርጦ፣ ተጣጥፎ፣ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጧል። ማን እንዳደረገው አይታወቅም። አገናኘው። እኔ የሰብዉፈሩን ባለ ሦስት እግር ሶኬት ቆርጬ ኧርዝ በሚይዝ ባለ ሁለት ክብ እግር ቀየርኩት። ያንን ሶኬት ስትቆርጡ ውስጡ ያለው ፊውዝም አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሰብዉፈሩ ራሱ ጀርባው ላይ ፊውዝ እንዳለው አረጋገጥኩ። አለው። አምፕሊፋየሩንና ሰብዉፈሩን ኧርዝ ባለው አንድ ዲቫይደር ላይ ሰካኋቸው። የጀርባውን ብረት ለካሁት፤ ዜሮ ቮልት። ጋሼ እጃቸውን አሳረፉበት፤ አልነዘራቸውም።

አብርተን ካሴት ከፈትን። ጸጥ ያለ፣ ጥሩ ድምፅ። ከዚያ እትዬ ዜና ሊያዩ ቴሌቪዥኑን አበሩ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚያመጣው ገመድ ትናንት ስፈትሽ ተነቅሎ ነበርና ሰካሁት። ኡምምም።

ጋሼ አዩኝ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው «እንግዲህ ኧርዙን እናንሳዋ» አለ። እንዲህ የሚል ባለሙያ ብዙ ነው፤ ሲነሳ ጉምጉምታው ስለሚቀንስ ልክ ይመስላል። አይሆንም አልኩ። ሰብዉፈሩ ውስጥ አንድ ቀን ሽቦ ተላቆ ብረቱን ቢነካ ብረቱ 220 ቮልት ይሆናል። ደህና ኧርዝና የሚቆርጥ ብሬከር ካለ ያን ጊዜ መብራቱ ይቆረጣል። ከሌለ ሰብዉፈሩ ዝም ብሎ ሰው ይጠብቃል። የጋሼ የልጅ ልጅ ገና እየዳኸች ነው፤ ሰብዉፈሩ ደግሞ ወለል ላይ ነው የተቀመጠው።

ምክንያቱ ጣሪያ ላይ ነበር። የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ጀርባ ነቀልኩ። ጉምጉምታው እንደተቆረጠ ክር ቀጥ አለ። መልሼ ሳስጠጋው መጣ።

ዲሹ የቆመው መሬት ውስጥ በተተከለ ብረት ላይ ነው፤ ከጣሪያው ብረትም ጋር ታስሯል። የዲሹ ገመድ የውጪ ጥልፍ በዚያ በኩል መሬት ይነካል። ሰብዉፈሩ ደግሞ አሁን በቆጣሪው ዘንግ በኩል መሬት ይነካል። ሁለቱ የመሬት ቦታዎች እኩል አይደሉም፤ በመካከላቸው ትንሽ ቮልት አለ። ከዲሹ ወደ ሪሲቨሩ፣ ከሪሲቨሩ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ከቴሌቪዥኑ ወደ አምፕሊፋየሩ፣ ከአምፕሊፋየሩ ወደ ሰብዉፈሩ፣ ከዚያ በኧርዙ ወደ መሬት፤ ቀለበት ሠራ። ኮረንቲውም በቀለበቱ ዞረ። ትናንት ከሰብዉፈሩ የሚፈሰው ኮረንቲ መውጫ ያገኘውም በዚሁ በዲሹ በኩል ነበር። ቅዳሜ ዕለት ዲሹን ነቅዬ አለመሞከሬ አንድ ቀን አስከፍሎኛል።

የዲሹን ገመድ ቤት ከሚገባበት ቦታ ላይ ከቆጣሪው ኧርዝ ጋር ማሰር አንዱ መፍትሔ ነው፤ ሠራተኛው አሰረው። ድምፁ ቀነሰ፣ አልጠፋም። ቀለበቱን ለመቁረጥ ደግሞ የመኪና ቴፕ ከሚገጥሙ ሱቆች አንድ ትንሽ ዕቃ ገዛሁ። ክብሪት ቤት ታክላለች፤ በግራና ቀኟ አርሲኤ አላት፣ በውስጧ ሁለት ትንንሽ ትራንስፎርመር። ሲግናሉ በመግነጢስ ይሻገራል፤ ሽቦ ከሽቦ ግን አይነካካም። ኮረንቲውም መሄጃ ያጣል።

የት እንደምትገባ መምረጥ ወሳኝ ነው። እንዲህ ያሉ ርካሽ ትራንስፎርመሮች ወፍራሙን ቤዝ ያሳሳሉ። ሰብዉፈሩ መንገድ ላይ ባስገባት ጉምጉምታው ይጠፋል፣ የመጣንበት ቤዝም አብሮ ይሳሳል። ስለዚህ በቴሌቪዥኑና በአምፕሊፋየሩ መካከል አደረግኋት። ዜና አንባቢ 40 ኸርዝ አይፈልግም። የካሴቱ መንገድ ሳይነካ ቀረ።

ማስተካከሉ

ይሄኛው አጭር ነው። ሰብዉፈሩን የጋሼ ወንበር ላይ አስቀምጬ ቤዝ ያለው ዘፈን ከፈትኩ፤ በግድግዳው ጥግ ጥግ እየዞርኩ ቤዙ እኩል የሚሰማበትን ቦታ ፈለግኩ። ጥግ ላይ ይጎላል ግን ይደበላለቃል። ከጥጉ አንድ ሜትር ወጣ ሲል ተለየ። እዚያ አስቀመጥነው። ከፍ ያለውን ድምፅ የሚያስቀረውን ማጣሪያ 80 ኸርዝ ላይ አደረግኩ። የፌዙን ማብሪያ (የመብራቱ ፌዝ አይደለም፤ የሰብዉፈሩን ንዝረት ከስፒከሮቹ ጋር የሚያገጣጥመው ነው) 0 እና 180 ላይ እያደረግኩ ጋሼ ወንበራቸው ላይ ሆነው መረጡ፤ 0 ላይ ቤዙ ሞላ።

ከዚያ ራሳቸው ከካርቶኑ አንድ ካሴት አወጡ። በእስክሪብቶ አዙረው አጠበቁትና ከተቱ። እንደተለመደው አገጫቸውን አልነቀነቁም። ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ዘፈኑ እስኪያልቅ አንድም ቃል አልተናገሩም። ሲያልቅ «ጊታሩ እኮ ይራመዳል» አሉ። «እስከ ዛሬ ጥላውን ነበር የምሰማው።»

ረቡዕ እንደገና ደወሉ። ጉምጉምታ የለም፤ ግን አልፎ አልፎ «ጧ» ይላል አሉ። «ፍሪጁ ሲነሳ ነው ወይስ ዝም ብሎ?» አልኳቸው። ስልኩን ሳይዘጉ ሄደው ፍሪጁ አጠገብ ቆሙ። ጥቂት ደቂቃ ጠበቅን። ፍሪጁ ተነሳ፣ ሰብዉፈሩም ጧ አለ። ለካ እትዬ ቤቱን ሲያጸዱ የፍሪጁን ሶኬት እኛ ባዘጋጀነው ዲቫይደር ላይ ሰክተውታል። ወደ ግድግዳው ሶኬቱ መለሱት። ከዚያ ወዲህ ለዚህ ጉዳይ አልደወሉም።